«ይፈርማል እንዴ?»፦ ዓይነ ስውር ሲያጋጥምዎ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለጉዳዩን ትቶ አብሮት የመጣውን ማነጋገር። ከእህቴ ጋር ሒሳብ ልከፍት አንድ ባንክ ሄድኩ። መታወቂያውን የሰጠሁት እኔ ነኝ። የሠራተኛዋ ድምፅ ግን እኔን አልፎ ወደ እህቴ ሄደ፤ «ይፈርማል እንዴ?» እህቴም «እሱን ጠይቂው» አለቻት። ለማን እየተናገሩ እንደሆነ በዓይን አላውቅም፤ ስለዚህ ስሜን ይጥሩና እኔኑ ይጠይቁኝ።

«ምስክር ይዘህ ና» ማለት። ብዙዎቻችንን በገዛ ደመወዛችን እንዳናዝዝ ያደረገን ይህ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1728 የዓይነ ስውር ፊርማ በውል አዋዋይ፣ በመዝገብ ሹም ወይም በዳኛ ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። የታሰበው እንዳንታለል ነበር። በየመስኮቱ ግን ያ ጥበቃ ሌላ ሰው ካላመጣህ አትስተናገድም ወደሚል ልማድ ተለወጠ። ምስክር ሆኖ የመጣው ጎረቤት ስንት ብር እንዳለኝ አውቆ ይሄዳል! የባንክ ሠራተኛ ከሆኑ ቅጹን ድምፅዎን ዝቅ አድርገው ያንብቡልኝ፤ የምፈርምበትን መስመር በካርድ ጠርዝ ያስነኩኝ። ምስክር አምጣ ከማለትዎ በፊትም ይህ ሕግ ነው ወይስ የቅርንጫፋችን ልማድ ብለው ያጣሩ።

ሳይጠይቁ ክንድ ይዞ መጎተት። መገናኛ ታክሲ ስጠብቅ አንድ ደግ ሰው አፈፍ አድርጎ አሻገረኝ። ተመልሶ የሚያሻግረኝ እስካገኝ ብዙ ቆምኩ። በትር የያዝኩበትን እጅ ሲይዙብኝ ደግሞ መንገዱ ይጠፋብኛል። «ልርዳህ?» ይበሉ፤ እሺ ካልኩ ክርንዎን ያስይዙኝና ግማሽ እርምጃ ቀድመው ይሂዱ።

«ይሄ ሥራ ይከብደዋል» ብሎ ለአመልካቹ መወሰን። አዋጅ ቁጥር 568/2000 ቀጣሪ የሥራ ቦታውን እንዲያመቻች፣ ሲያስፈልግም ረዳት እንዲመድብ ያስገድዳል። መድልዎ ደረሰብኝ የሚል አመልካችም የማስረዳት ሸክም ሳይኖርበት መክሰስ ይችላል። ምን እንደሚያስፈልገው አመልካቹን ይጠይቁት። መልሱ ጽሑፍ የሚያነብ ሶፍትዌር የተጫነበት ኮምፒዩተር ብቻ ሊሆን ይችላል።

ከንፈር መምጠጥ። ታክሲ ውስጥ ብሬን ስዘረጋ «ተወው፣ ምስኪን» የሚል አይጠፋም። ምርቃቱን ከልብ እቀበላለሁ፤ ሒሳቤን ግን ልክፈል። በቀደም አንድ ረዳት መቶ ብሬን ተቀብሎ መልሱን መዳፌ ላይ እየጠራ ቆጠረልኝ፤ «ይሄ ሃምሳ፣ ይሄ አሥር፣ ይሄም አሥር።» አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩና ወረድኩ።