የምግብ ቧንቧ ቅድመ ካንሰርንና ካንሰርን በጂን ሲያነጻጽሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በቅድመ ካንሰርና በካንሰር መካከል የጂን አገላለጽ (ጂኖች ምን ያህል እንደሚሠሩ) ልዩነት ማግኘት ቀላል ነው፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ጂኖች ከፍ ወይም ዝቅ ብለው ይገኛሉ። ከባዱ ሥራ ካንሰሩ ራሱ ያመጣቸውን ለይቶ ማውጣት ነው።

ሁለቱን የምግብ ቧንቧ ካንሰሮች መቀላቀል። ስኩዌመስ ካንሰር የቧንቧውን ውስጥ ከሚሸፍኑት ጠፍጣፋ ሕዋሳት ይነሳል፤ በአርሲና በባሌ በብዛት የሚታየው ይህኛው ነው። አዴኖካርሲኖማ ግን የሚነሳው ከባሬት ነው፤ የጨጓራ አሲድ ለዓመታት ሲመላለስ ሽፋኑ አንጀት መሰል የሚሆንበት ለውጥ። የካንሰር ጂኖም አትላስ የተባለው የምርምር ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው ጥናት አዴኖካርሲኖማው ከስኩዌመሱ ይልቅ ለጨጓራ ካንሰር እንደሚቀርብ አሳይቷል። በአንድ ሰንጠረዥ መግባት የለባቸውም።

ማነጻጸሪያውን መሳት። ባሬትን ከጤናማ ጠፍጣፋ ሽፋን ጋር ካነጻጸሩ የአንጀት ሕዋስ ጂን የሆነው ሲዲኤክስ2 ይጨምራል፣ የጠፍጣፋ ሕዋስ ጂን የሆነው ኬአርቲ5 ይቀንሳል። ይህ የአንጀት መሰልና የጠፍጣፋ ሕዋስ ልዩነት እንጂ የካንሰር ጉዞ አይደለም። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ዲስፕላዥያ (የሕዋሳት ቅድመ ካንሰር መዛባት) የሌለው ባሬት፣ ዝቅተኛ ዲስፕላዥያ፣ ከፍተኛ ዲስፕላዥያ፣ ከዚያ ካንሰር ነው። ከዕጢው አጠገብ የተቆረጠውንም «ጤናማ» ብሎ መውሰድ ያሳስታል፤ ዓይን የማያየው ለውጥ ሊኖርበት ይችላል።

የሕዋስ ድብልቅን መርሳት። ከሁሉም በላይ ብዙ ውጤት የሚያበላሸው ይህ ነው። ዲስፕላዥያ ስስ ሽፋን ውስጥ ያለ ለውጥ ነው፤ ዕጢ ግን ፋይብሮብላስት (ኮላጅን የሚሠሩ ደጋፊ ሕዋሳት)፣ የደም ሥርና የመከላከያ ሕዋሳት ይዞ ይመጣል። የኮላጅን ጂን ኮል1ኤ1 በዕጢው ከፍ ቢል በአብዛኛው የሚመነጨው ከፋይብሮብላስቱ ነው። ፓቶሎጂስት (ሕብረ ሕዋስ በማይክሮስኮፕ የሚመረምር ሐኪም) ከዚያው የናሙና ብሎክ የተቆረጠ ስላይድ አይቶ ቦታውን ያመልክት፤ ከተቻለ ሽፋኑ በሌዘር ተለይቶ ይቆረጥ።

ከአርኤንኤ (ጂኑ ሲሠራ ከሚወጣው ቅጂ) መጠን ብቻ መደምደም። ካንሰርን የሚገታው ጂን ቲፒ53 ብዙ ጊዜ ገና በዲስፕላዥያ ደረጃ ይበላሻል፤ ሆኖም ፕሮቲኑ በሕዋሱ ውስጥ ተከማችቶ የአርኤንኤው መጠን ላይለወጥ ይችላል። ስለዚህ መጠኑ እኩል መሆኑ ጂኑ ደህና ነው አያሰኝም። በተቃራኒው የኖች1 ጂን ሚውቴሽን (የጂን ለውጥ) ዕድሜው በገፋ ጤናማ ቧንቧ ከካንሰሩ ይልቅ በብዛት ይገኛል። ሚውቴሽን ማግኘት ብቻውን ካንሰርን አያሳይም።

የናሙና አያያዝን ማዛባት። ቅድመ ካንሰሩ ሁሉ ከአሮጌ ፓራፊን ብሎክ፣ ካንሰሩ ሁሉ በቅዝቃዜ ከተቀመጠ ናሙና ከመጣ የአያያዙን ልዩነት ከበሽታው ልዩነት የሚለይ ሶፍትዌር የለም።

ስሌቱን ማቃለል። 20,000 ጂን በ0.05 የስህተት ገደብ ሲፈተን ምንም እውነተኛ ልዩነት ባይኖር እንኳ 1,000 ያህሉ በአጋጣሚ «ልዩነት» ያሳያሉ፤ ብዙ ፈተናዎች አንድ ላይ ሲደረጉ የሐሰት ግኝትን የሚገድበው የቤንጃሚኒ-ሆክበርግ ማስተካከያ ግድ ነው። ከአንድ ታካሚ የተወሰዱ 3 ባዮፕሲዎች 3 ሰዎች አይደሉም፤ ታካሚው ራሱ በሞዴሉ ይግባ።

የሌሎች ጂኖች መጠን የሚለካበት ማነጻጸሪያ ሆኖ በሚያገለግለው በጂኤፒዲኤች ጂን ብቻ ማረጋገጥ። ይህ ጂን ስኳር በሚፈጭበት ሂደት ላይ ይሠራል፤ ካንሰር ደግሞ ስኳር አብዝቶ ይፈጃል። ማነጻጸሪያው ራሱ ሲጨምር ያልተለወጠ ጂን የቀነሰ ይመስላል። ቢያንስ 3 ማነጻጸሪያ ጂኖችን መርጠው በሁሉም ደረጃዎች እኩል መሆናቸውን በራስዎ ናሙናዎች ይፈትሹ።