ጎመን በጤና፣ ግን እንዴት ተሠርቶ?

ባለፈው እሁድ እህቴ ቤት ሄጄ ወጥ ቤቷ በር ላይ ዱካ ስቤ ቁጭ አልኩ። ጎመን እየሠራች ነበር። መጀመሪያ ከተፈችው። የተከተፈውን ደግሞ ሦስት ውሃ አጠበችው። ከዚያ ድስት ሙሉ ውሃ ውስጥ ጨምራ ጣደችው። የጀመርነው ወሬ አልቆ ሌላ ስንጀምርም ጎመኑ ይንተከተካል። በመጨረሻ ድስቱን ዘቅዘቅ አድርጋ ያንን አረንጓዴ ውሃ ማጠቢያው ላይ ደፋችው።

«ለምን ደፋሽው?»

«እንዳይመርብን ነዋ!»

ጎመኑ ይጣፍጥ ነበር፤ አልዋሽም። ግን ከጉሊት ተሸክማ ካመጣችው ውስጥ ስንቱ በቧንቧ እንደወረደ ሳስብ ተናደድኩ። ቫይታሚን ሲባል ብዙዎቻችን የሚመጣልን ፋርማሲ ነው፤ ካልሆነም ውድ ፍራፍሬ። እኔ እንደማየው ብዙው ቫይታሚን ቀድሞውኑ ቤታችን ገብቷል። ከመክተፊያው እስከ ስኒው ባለው መንገድ ነው የምናባክነው።

ከትፎ ማጠብ፣ ቀቅሎ መድፋት

ቫይታሚን ሲ እና ፎሌት የሚባለው የቢ ቫይታሚን ዓይነት ውሃ ውስጥ የሚሟሙ ናቸው። ቅጠሉ ከተከተፈ በኋላ ሲታጠብ ከተቆረጠው ጠርዝ ሁሉ ይወጣሉ። ቫይታሚን ሲ ደግሞ እሳትም አይወድም። ስለዚህ ቅጠሉን እንዳለ እጠቡት፤ ከዚያ ክተፉት። ውሃው ትንሽ ይሁን፤ ጎመኑ አይዋኝበት። ክዳኑን ግጠሙና ለስለስ ሲል አውርዱት። የተረፈ ውሃ ካለ ሽሮው ውስጥ ጨምሩት፤ ማንም አያውቅባችሁም።

«ዘይት ጎጂ ነው» ብላችሁ ጎመንና ካሮት በውሃ ብቻ የምትበሉም አላችሁ። ካሮቱን ብርቱካናማ ያደረገው ቤታ ካሮቲን ጎመን ውስጥም አለ፤ አረንጓዴው ሸፍኖት ነው እንጂ። ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው እሱን ነው። ቅባት ካላገኘ ግን አብዛኛው ሳይጠቅመን ያልፋል። ለድስቱ አንድ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይበቃል።

ምሳ ላይ ቡና

እዚህ ላይ ጠላት እንደማፈራ አውቃለሁ። ግን «ጤፍ እየበላሁ እንዴት ደም ያንሰኛል?» የሚል ሰው ሁሉ ይህን ቢሰማ ደስ ይለኛል።

ጤፍ ብረት አለው፤ እውነት ነው። (ላቦራቶሪ ከሚለካው ውስጥ የተወሰነው ከአውድማው አፈር የመጣ መሆኑም እውነት ነው።) ችግሩ ከእህል የሚገኝ ብረት ለሰውነት በቀላሉ እሺ አይልም። እህሉ ውስጥ ያለ ፋይቴት የሚባል ነገር ይዞ ያስቀረዋል። እርሾ ይህን ፋይቴት ይቀንሰዋል። ሁለት ሦስት ቀን በደንብ የቦካ ሊጥ በችኮላ ከተጋገረው የሚሻለው ለዓይኑ ብቻ አይደለም። «ኮምጠጥ ያለ እንጀራ አልወድም» የምትሉ አስቡበት።

በዚህ ላይ ማዕዱ ሳይነሳ ቡና ወይም ሻይ ሲደረብ ደግሞ ይብሳል። ውስጣቸው ያሉት ፖሊፌኖል የሚባሉ ነገሮች ብረቱን አንቀው ይይዙታል። ቡና ተው አላልኩም፤ እኔም አልተውኩም። ከምግብ አንድ ሰዓት ቀደም ይበል፣ ወይም ሁለት ሰዓት ያህል ይቆይ። ይህቺው እህቴ ሁለተኛ ልጇን አርግዛ ሳለ የታዘዘላትን የብረት ክኒን በሻይ ስትውጥ ነው የከረመችው። ውሃ ያቅለሸልሻታል አሉ!

ቫይታሚን ሲ ግን ለብረት ወዳጁ ነው፤ ሰውነት እንዲቀበለው ይረዳዋል። ለዚህ ብርቱካን ፍለጋ አትሂዱ። ቃሪያ በክብደት ቢመዘን ከብርቱካን የበለጠ ቫይታሚን ሲ አለው። ከሽሮው ወይም ከምስሩ ጎን አንድ ስንግ ቃሪያ፣ ወይም ሎሚ የተጨመቀበት የቲማቲም ሰላጣ ይኑር። ጥሬውን ነው ታዲያ፤ ወጥ ውስጥ ሲንገረገብ የዋለውን አይደለም።

የልጁ ድስት

ስለ ጾሙ አንድ ቃል አልናገርም። የማወራው ስለ ሕፃናቱ ነው፤ እነሱን ደግሞ ቤተ ክርስቲያንም አታስጾምም። ብዙ እናት ልጇን ላስጹም ብላ አይደለም። «እቃው ይነካካል» ትልና ሁዳዴ ሲገባ እንቁላሉም ወተቱም ለ55 ቀን ከቤት ይጠፋል። ቫይታሚን ቢ12 ግን ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው የሚገኘው፤ ሽሮ ውስጥ የለም። አዋቂ ሰው በጉበቱ ያጠራቀመው ለረጅም ጊዜ ያቆየዋል፤ ፍስክ ሲመጣም ይተካዋል። የአንድ ዓመት ልጅ ያን ያህል ስንቅ የለውም።

አንዲት ጎረቤቴ ብልሃት አላት። ለልጇ ትንሽ ድስትና ማንኪያ ለየች፤ እንዳይምታታም የድስቱ ጆሮ ላይ ቀይ ክር አሰረችበት። እቃውን ለብቻው አጥባ፣ ለብቻው ትሰቅለዋለች። ልጁ በየቀኑ እንቁላሉን ይበላል፤ እሷም ጾሟን አልነካባትም።

በመስታወት ውስጥ ፀሐይ

ቫይታሚን ዲ ከምግብ ብዙም አይገኝም፤ ቆዳችን ራሱ ነው በፀሐይ የሚሠራው። ሕፃኑን ምች ይመታዋል፣ ሰው ያየዋል ብሎ ቤት ውስጥ ጠቅልሎ ማኖር አጥንቱን ሊያጎብጠው ይችላል። በተዘጋ መስኮት አጠገብ ማሞቅም አይሆንም፤ ቆዳው የሚፈልገውን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል። እጅና እግሩን ገለጥ አድርጋችሁ በረንዳ ላይ ትንሽ ትንሽ አሙቁት።

ስዊድንና ኖርዌይ ያላችሁ ደግሞ፣ በክረምት ፀሐይዋ ብትታይም ለዚህ አቅም የላትም። ዱባይና ሪያድ ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ የምትሠሩ እህቶቼም፣ ፀሐዩ ውጭ ስለነደደ ብቻ አግኝታችሁታል ማለት አይደለም። አጥንት አጥንታችሁን ካመማችሁ ሐኪም ጠይቁ፤ ክኒኑን ግን በግምት አትዋጡ። ዲ እና ኤ ከመጠን ሲያልፉ ሰውነት ውስጥ ተጠራቅመው ይጎዳሉ።

ሌሎቹ ባጭሩ

አዮዲን ያለው ጨው ክዳን በሌለው እቃ ምድጃ አጠገብ አይቀመጥ፤ ወጡ ላይም ሊወርድ ሲል ይጨመር። ጨው አዮዲን እንዲኖረው እ.ኤ.አ. በ2011 በሕግ የተደነገገው ለእንቅርት ብለን ነው፤ እኛ በእንፋሎት እናበነዋለን። ጁስ ቤት ስኳር ተሞልቶበት የሚመጣው አቮካዶም በማንኪያ ቢበላ ይሻላል።

ፎሊክ አሲድ (በክኒን የሚሰጠው ፎሌት) ግን ባጭሩ የሚታለፍ አይደለም። የፅንሱ አንጎልና አከርካሪ የሚሠራበት ቱቦ የሚዘጋው በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት ገደማ ነው፤ ብዙ ሴት ማርገዟን እንኳ ሳታውቅ። ክትትል የሚጀመረው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሦስተኛ አራተኛ ወር ላይ ነው። ለማርገዝ ያሰበች ሴት በቀን 400 ማይክሮግራሙን ቀደም ብላ ትጀምር። ጤና ጣቢያ ሄዳ «ገና አላረገዝኩም፣ ግን አስቤያለሁ» ብትል ነውር የለውም።