ብርሃን ባነሰበት ክፍል ያለ ፍላሽ ጥርት ያለ ፎቶ ማንሣት

ምሽት ላይ በቤት ውስጥ የተነሣ ፎቶ ብዥ ብሎ ሲወጣ ብዙ ጀማሪ ጥፋቱን በካሜራው ላይ ያሳብባል፤ ከዚያም የተሻለ ካሜራ ለመግዛት ገንዘብ ማጠራቀም ይጀምራል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግሩ የሹተር፣ ማለትም ተከፍቶ ብርሃን የሚያስገባው የካሜራው መዝጊያ፣ ፍጥነት ነው። በአውቶማቲክ የሚሠራ ካሜራ ብርሃን ሲያጥረው ሹተሩን ለረዘም ያለ ጊዜ ከፍቶ ይጠብቃል፤ በዚያች ቅጽበት እጅ ከተንቀጠቀጠ ወይም የሚነሣው ሰው ከተንቀሳቀሰ ምስሉ ይበላሻል። ስለዚህ በጨለምለም ክፍል ውስጥ መጀመሪያ የሹተሩን ፍጥነት መወሰን፣ ቀጥሎ አፐርቸሩን (የሌንሱን ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ) መክፈት፣ የቀረውን ጉድለት ደግሞ ለአይኤስኦ (ካሜራው ምስሉን ምን ያህል እንደሚያበራ ለሚወስነው ቁጥር) መተው ይገባል።

እኔ ይህን የተማርኩት በአንድ ወዳጄ ቤት ነው። አንዲት አያት የልጅ ልጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ሲያጫውቱ በ1/15 ሰከንድ ብዙ ፎቶ አነሣሁ፤ በካሜራው ትንሽ ስክሪን ላይ ሁሉም ያማሩ ይመስሉ ነበር። ኮምፒውተር ላይ ስከፍታቸው የአያትየዋ የሹራብ ክር አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ የልጅቷ ፊት ግን የለም፣ በቦታው ያለው የተዘረጋ ጭጋግ ነው። እጄ አልተንቀጠቀጠም ነበር፤ የተንቀሳቀሰችው ልጅቷ ናት። ብዥታው ከየት እንደመጣ ለመለየት ጀርባውን ማየት ይበቃል፦ ግድግዳውና ዕቃው ጭምር ወደ አንድ አቅጣጫ ከተጎተቱ ጥፋቱ የእጅ ነው፤ ዕቃው ጥርት ብሎ ሰውየው ብቻ ከደበዘዘ ሹተሩ ለእንቅስቃሴው ዘግይቷል ማለት ነው።

ለእጅ መንቀጥቀጥ የቆየ መለኪያ አለ፤ በሹተሩ ፍጥነት ክፍልፋይ ውስጥ ያለው የታችኛው ቁጥር በሚሊ ሜትር ከሚጻፈው የሌንሱ የትኩረት ርዝመት እንዳያንስ ይመከራል። በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ቢያንስ 1/50 ሰከንድ ያስፈልጋል፤ ሴንሰሩ (ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል) አነስ ባለ ካሜራ ላይ ርዝመቱ በ1.5 ገደማ ስለሚባዛ 1/80 ይሻላል። መንቀጥቀጥን የሚያርም ሌንስ ወይም ካሜራ ከዚህ በታች ለመውረድ ያስችላል፤ ትሪፖድም (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) እንዲሁ፤ ነገር ግን ሁለቱም የሚያግዙት የፎቶ አንሺውን እጅ እንጂ የሚነሣውን ሰው አይደለም። ተቀምጦ ለሚያወራ ሰው 1/125፣ ለሚሯሯጥ ሕፃን ደግሞ 1/250 ወይም 1/500 ሰከንድ ብጀምር ብዙም አልጸጸትም።

አፐርቸርን በተመለከተ ከኤፍ ጋር የሚጻፈው ቁጥር ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል፤ ከኤፍ 2.8 ወደ ኤፍ 2 መውረድ የሚገባውን ብርሃን በእጥፍ ያሳድጋል። ዋጋው ግን አለ። በሙሉ ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ባለው) ካሜራ፣ በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስና በኤፍ 1.8፣ አንድ ሜትር ተኩል ርቀት ላይ ያለን ሰው ስናነሣ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሁለት ሰዎች አንዱ ከሌላው ኋላ ቢቀመጡ አንደኛው መደብዘዙ አይቀርም፤ እኩል መሥመር ላይ ማስቀመጥ ወይም ወደ ኤፍ 4 መመለስ ግድ ይሆናል። ለአንድ ሰው ከሆነ ፎከሱ ወደ ካሜራው በቀረበው ዐይን ላይ ይሁን። ካሜራው ፎከስ ፍለጋ ወዲያና ወዲህ ካለ ብርሃንና ጥላ በግልጽ የሚለያዩበትን ጠርዝ፣ ለምሳሌ የመነጽር ፍሬም ወይም የሸሚዝ ኮሌታ፣ በተመሳሳይ ርቀት ላይ እንዲይዝ ማድረግ ይረዳል።

አይኤስኦን ብዙዎች ከሚገባው በላይ ይፈሩታል። 3200 ላይ የሚወጣው ኖይዝ (በምስሉ ላይ የሚበተን ጥቃቅን ነጠብጣብ) ቢያስከፋም በማስተካከያ ፕሮግራም ይለዝባል፤ የተጎተተ ፊትን ግን የሚመልስ የለም። ከዚያም የከፋው ኖይዝን ሸሽቶ በ400 ጨለማ ፎቶ አንሥቶ በኋላ በኮምፒውተር ማብራት ነው፤ ጥላው ውስጥ የተደበቀው ኖይዝ ያኔ ተባብሶ ይወጣል። ካሜራው የሚፈቅድ ከሆነ ሹተሩንና አፐርቸሩን በማኑዋል ወስኖ አይኤስኦውን በአውቶማቲክ መተው፣ ከፍተኛ ወሰኑንም ማስቀመጥ የሚመቸኝ አሠራር ነው። ፋይሉ በሮው (ካሜራው ገና ባላቀነባበረው ጥሬ ዓይነት) ቢቀመጥ ለእርማት ሰፊ ቦታ ይተዋል።

ይሁንና ከቁጥሮቹ ሁሉ በፊት ሰውየውን ወደ ብርሃኑ ማስጠጋት ይቀድማል። ከትንሽ አምፖል አንድ ሜትር ርቆ የተቀመጠ ሰው ወደ ሁለት ሜትር ቢሸሽ የሚደርሰው ብርሃን ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል፤ ወንበር መግፋት ብቻውን ውድ ሌንስ የሚሰጠውን ያህል ያተርፋል። ገና ቀን ከሆነ ሰውየውን በመስኮት አጠገብ ጎኑን ወደ መስኮቱ አድርጎ አስቀምጦ የጣሪያውን መብራት ማጥፋት ይሻላል፤ አለበለዚያ አንደኛው ጉንጭ ቢጫ፣ ሌላኛው ሰማያዊ መሰል ይሆናል፤ የትኛውም የዋይት ባላንስ (የብርሃንን ቀለም የሚያስተካክል) ምርጫ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አያስታርቅም።

አንዳንድ የኤልኢዲና የፍሎረሰንት መብራቶች ለዐይን ሳይታወቁ ይርገበገባሉ። ኤሌክትሪኩ 50 ኸርዝ በሆነበት አገር በሰከንድ 100 ጊዜ ስለሚርገበገቡ ፈጣን ሹተር በፎቶው ላይ አግድም ጥቁር መሥመሮችን ያስቀራል። 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ችግሩን ያቀላል፤ 60 ኸርዝ ባለበት ደግሞ 1/60 ወይም 1/120። እንቅስቃሴው ፈጣን ከሆነና ይህ ካልተቻለ መብራቱን መቀየር እንጂ ከካሜራው ጋር መታገል አያዋጣም።

ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ፎቶዎች በኋላ አንዱን በስክሪኑ ላይ እስከ መጨረሻው አጉልቶ የዐይን ሽፋሽፍቱን ማየት ያስፈልጋል። ሽፋሽፍቱ አንድ በአንድ ካልተለየ ሰውየው ከወንበሩ ሳይነሣ ሹተሩን አንድ ደረጃ አፍጥኖ መድገም ነው።