ቀለም የታደሰ አሮጌ ካሜራ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ደብረ ብርሃን ላይ አሮጌ ካሜራ ሲሸጥ ሻጩ መጀመሪያ የሚያሳያችሁ ማብረቅረቁን ነው። እኔ ግን ቀድሜ ብሎኑን ነው የማየው።

የብሎኑ ቀዳዳ ውስጥ ቀለም አለ
ካሜራው ሳይፈታ ነው የተረጨው ማለት ነው። የፍጥነት መምረጫውን አዙሩት። ከከበደ ቀለም ስሩ ገብቷል። ፈትቶ በተሾለ እንጨት መጥረግ ነው። ቲነር ካሜራው ላይ እንዳታፈሱ፤ ፕላስቲኩንና ማጣበቂያውን ይበላዋል።

ቁጥሮቹ ደብዝዘዋል
በፋብሪካ ቁጥሩ ብረቱ ላይ ይቀረጽና በቀለም ይሞላል። ቀለም ሲወፍር ቅርጹ ይደፈናል። በአጉሊ መነጽር ስታዩት ጠርዙ ስለታም ከሆነ ቀቢው ይችላል። የጠፋው ነጩ ብቻ ከሆነ ሞልቶ ላዩን መጥረግ ይበቃል። ቅርጹ ከተደፈነ ግን ሁሉንም ልጦ እንደገና መቀባት ነው።

ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል
ክሮሙ (ነጩ የሚያብረቀርቅ የብረት ልባስ) ሳይነሳ ከላዩ ተቀብቷል። ክሮም ልሙጥ ስለሆነ ቀለም አይዝለትም። እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣውን ላይካ ኤም 3 የተባለ ካሜራ ውሰዱ። የላይ ክዳኑ ናስ ነው። በፋብሪካ የተቀባው ጥቁር ቀለም ሲያልቅ ከስር ቢጫ ይወጣል፤ ያውም ጠርዝ ጠርዙ ላይና እጅ በሚያርፍበት። ከስር ነጭ ካያችሁ በኋላ የተቀባ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። (ክዳናቸው አሉሚኒየም የሆነ ካሜራዎች ግን ድሮም ነጭ ናቸው።) ናሱ እጅ በማይደርስበት ቦታ ከታየ ደግሞ ሆን ብሎ በብርጭቆ ወረቀት ያሸው ሰው አለ። እንዲህ የሚላጠውን ቀለም ቦታ ቦታውን መጠገን ድካም ነው።

ወተት የመሰለ ጉም ለብሷል
ይሄኛው የኛ የደጋዎቹ ጣጣ ነው። ቲነር ሲተን ብረቱን ያቀዘቅዘዋል። የአየሩ እርጥበት ትኩሱ ቀለም ላይ ጤዛ ይሆናል። እኔ አንድ የነሐሴ ጠዋት የረጨሁት ክዳን አጓት የተደፋበት መስሎ አረፈው። ቀላል ከሆነ ደረቅ ከሰዓት ጠብቃችሁ ቀስ ብሎ የሚተን ቲነር ስስ አድርጋችሁ እርጩበት፤ ይጠራል። ከባሰ ፈግፍጎ መድገም ነው። ከመርጨታችሁ በፊት ክዳኑን ፀሐይ ላይ አሙቁት። በጉም ቀን፣ በተለይ ጣርማ በር አካባቢ፣ ባትጀምሩት ይሻላል።

ላዩ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ጎርበጥ ይላል
ከሩቅ ወይም በወፍራሙ ተረጭቷል። 2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በውሃ፣ ጠርዙን ሳትነኩ።

ጥፍር ምልክት ይተውበታል
አልደረቀም። ምንም አትቀቡበት፤ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡና ሳምንታት ጠብቁ። ከነሌንሱ ምድጃ ውስጥ የሚከት ሰው አይቻለሁ፤ ቅባቱም ማጣበቂያውም ይቀልጣል። እኔ ክዳኑን ብቻ ፈትቼ ሸዋ ሮቢት ላለችው እህቴ እልካለሁ፤ ቆላው ያደርቀዋል። ባለፈው ልጇ አንዱን ክዳን መኪና አድርጎ ሲነዳው ውሎ ተገኘ። ቀለሙ ንቅንቅ አላለም።