የልብ ህመም ያለባቸው ሰዎች የእፅዋት ዘይት ሲጀምሩ የሚሳሳቱት

የጥቁር አዝሙድ፣ የተልባ፣ የነጭ ሽንኩርት ዘይት... ልቡን ያመመው ሰው አንዱን ሳይሞክር አይቀርም። አትሞክሩ አልልም፣ ግን እነዚህ ስህተቶች ላይ ተጠንቀቁ።

1. መድሀኒት ማቆም። ጥቁር አዝሙድ ላይ የተሰሩት ጥናቶች አብዛኞቹ ጥቂት ሰው ላይ ለጥቂት ሳምንት የተሰሩ ናቸው፣ ስኳርንና ኮሌስትሮልን ትንሽ ዝቅ እንደሚያደርግ ያሳያሉ፣ "ትንሽ" የምትለዋ ትሰመርበት። ስታቲን የሚባለው የኮሌስትሮል መድሀኒት ግን እንደ አይነቱና እንደ ዶዙ መጥፎውን ኮሌስትሮል ኤልዲኤልን ከ30 እስከ 50 ፐርሰንት ያወርዳል። ስቴንት (የጠበበ የልብ ደም ስር ክፍት የሚያደርግ ትንሽ ቱቦ) ተደርጎለት ክሎፒዶግሬል የሚባለውን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድሀኒት በራሱ ጊዜ የተወ ሰውማ ስቴንቱ ውስጥ ደም ሊረጋበት ይችላል፣ ያኔ ዘይት አያድነውም።

2. ለሀኪም አለመናገር። "ቅጠላ ቅጠል እኮ ነው ምን ያደርጋል" ይባላል፣ የሚሰራ ነገር ከሆነ ግን የጎንዮሽ ጉዳትም ይኖረዋል አይደል? የነጭ ሽንኩርት ዘይት በብዛት ሲወሰድ ደም ያቀጥናል፣ ደም እንዳይረጋ ከሚሰጡት ከዋርፋሪን ወይ ከአስፕሪን ጋር ሲደረብ መድማት ሊያመጣ ይችላል። ድድ ከደማ፣ ቆዳ ያለምክንያት ከበለዘ ወይ ሰገራ ከጠቆረ ቶሎ መታየት ነው። ጥርስ ከመነቀል ወይ ከኦፕራሲዮን በፊትም ተናገሩ።

3. ይሄኛውን ብዙ ሰው አያስበውም። ኢንሱሊን ወይ ግሊቤንክላማይድ (የስኳር ኪኒን) ላይ ያለ ሰው ስኳር የሚቀንስ ዘይት ሲጨምርበት ስኳሩ ከልክ በላይ ሊወርድ ይችላል፣ የልብ ታማሚ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቢታ ብሎከር (የልብ ምት የሚያቀዘቅዝ መድሀኒት) ይወስዳል፣ እሱ ስኳር ሲወርድ የሚመጣውን የልብ ምት መፍጠንና መንቀጥቀጥ ይደብቅበታል፣ ማለትም ሰውነት የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ይጠፋል። ላብ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይደበቅም፣ ድንገት ካላባችሁ ስኳራችሁን ለኩ።

4. ዘይት ዘይት መሆኑን መርሳት። አንድ የሾርባ ማንኪያ 120 ካሎሪ አካባቢ ነው፣ በምግብ ላይ በየቀኑ ሁለት ማንኪያ እየጨመሩ "ለምን ወፈርኩ" ማለት አይሰራም።

5. ሁሉንም አንድ ማድረግ። የኮኮናት ዘይት ከእፅዋት ነው፣ ግን ከ80 ፐርሰንት በላይ ሳቹሬትድ ፋት (የሚረጋው የስብ አይነት) ስለሆነ ኤልዲኤልን ይጨምራል። የተልባ ዘይት ኦሜጋ 3 ደግሞ የአሳው አይነት አይደለም፣ ሰውነት ወደዛ የሚቀይረው ትንሹን ብቻ ነው፣ በዛ ላይ ቶሎ ይበላሻል፣ እሳት ላይ አይጣድም። ለሽታ የሚሸጡትን ኤሴንሻል ኦይሎች በጭራሽ አትጠጡ።

6. ስኳርና ኮሌስትሮል ሳይለኩ መጀመር። መነሻው ካልታወቀ ሰራ አልሰራ በምን ይታወቃል? ኤችቢኤዋንሲ የሚባለው የስኳር ምርመራ የሚያሳየው ያለፉትን 2-3 ወር ስለሆነ በሁለተኛው ሳምንት ላብራቶሪ መሮጥም ትርፉ ድካም ነው። ሁለት አዲስ ነገርም ባንድ ቀን አትጀምሩ፣ አንዱ ሲያሳክካችሁ የቱ እንደሆነ አታውቁትም።