ምግብ የገነፈለበትን የኤሌክትሪክ ምድጃ እንዴት ማጽዳት፣ ማድረቅና መፈተሽ እንደሚቻል

ሽሮ ገንፍሎ ምድጃው ላይ ሲፈስ ብዙዎቻችን ድስቱን አንስተን፣ ማዞሪያውን ቀነስ አድርገን፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ጠረግ እናደርግና ማብሰላችንን እንቀጥላለን። ምድጃው የሚበላሸውም፣ ሰውን ኮረንቲ የሚይዘውም ብዙውን ጊዜ በዚህች ሰዓት ነው። የፈሰሰው ባዶ ውሃ አይደለም። ሽሮውም ወጡም ጨው አለበት፣ ወተትም ማዕድናት አሉት፤ ጨው ያለበት ውሃ ደግሞ ኮረንቲን ከንጹህ ውሃ እጅግ አብልጦ ያስተላልፋል። ቤታችን የሚገባው 220 ቮልት ነው፤ ሰው ለመግደል ከበቂ በላይ ነው። ስለዚህ ምድጃው ከላይ ብቻ ሳይሆን ከውስጥም መድረቁን ሳያረጋግጡ አያብሩት። ቀጥሎ ያለው ሁሉ ይህንን ለማድረግ ነው።

1. መጀመሪያ ኃይሉን ከሶኬቱ ያቋርጡ

ማዞሪያውን ማጥፋት አይበቃም። በብዙ ርካሽ ምድጃዎች ላይ ማዞሪያው የሚያቋርጠው ከሁለቱ ገመዶች አንዱን ብቻ ነው። በአገራችን በብዛት ያሉት ባለ ሁለት ቀዳዳ ሶኬቶች ገመዱን ገልብጦ ለመሰካት ስለሚያስችሉ፣ የሚቋረጠው ኒውትሮው (ኮረንቲውን መላሹ ገመድ) ሆኖ ፌዙ (ኮረንቲ አምጪው ገመድ) እስከ ሽቦው ድረስ ሊቀር ይችላል። ማዞሪያው «ጠፍቷል» እያለ ሽቦው ኮረንቲ አለው ማለት ነው። ስለዚህ እጅዎን አድርቀው፣ ጫማ አድርገው፣ ገመዱን ከሶኬቱ ይንቀሉ። ፈሳሹ ወደ ገመዱ ወይም ወደ ሶኬቱ ወርዶ ከሆነ ግን ሶኬቱን አይንኩ፤ ቆጣሪው አጠገብ ያለውን ብሬከር ያውርዱ።

ሽቦው ፊት ለፊት በሚታይበት የሸክላ ምድጃ ላይ ከሆነ የተጣደው፣ ኃይሉ ሳይቋረጥ ድስቱን አያንሱ። የፈሰሰው ምግብ ሽቦውንና የድስቱን ቂጥ ካገናኘ ድስቱ ራሱ ኮረንቲ ይኖረዋል። በብረት ማንኪያ ማማሰልም እንደዚያው ነው። ልጆች አጠገቡ ካሉ ቀድመው ያርቋቸው።

መብራት በሄደበት ሰዓት ቢገነፍልም ይንቀሉት። መብራቱ ተመልሶ የሚመጣው እርስዎ ጨርቅ ይዘው ሽቦው ላይ ባጎነበሱበት ሰዓት ሊሆን ይችላል።

የፈሰሰው ዘይት ሆኖ እሳት ከያዘ ውሃ አይድፉበት። ኃይሉን ያቋርጡና በክዳን ወይም በሰፊ ትሪ አፍነው፣ እስኪበርድ ሳይከፍቱ ይተዉት።

2. እስኪበርድ ይጠብቁ

በጋለ ምድጃ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ፣ እርጥብ ጨርቅ መጫንም ጭምር፣ ጥሩ አይደለም። ሸክላው ይሰነጠቃል፣ የብረቱ ሳህን ሊጣመም ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል፣ እንፋሎቱም እጅ ያቃጥላል። ወፍራሙ የብረት ሳህን ሙቀት ስለሚይዝ ከተነቀለ በኋላም ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይቆያል። በዚህ መሃል በምድጃው ዙሪያ ያለውን ፈሳሽ በደረቅ ጨርቅ እያስመጠጡ ወደ ውስጥ ተጨማሪ እንዳይገባ ማድረግ ይችላሉ።

ከዚህ ወጣ የሚለው አንድ ብቻ ነው፦ ከላይ ለስላሳ መስታወት ባለው ምድጃ ላይ የፈሰሰ ስኳር፣ ማር ወይም ማርማላታ። ስኳር መስታወቱ ላይ ሲደርቅና ሲቀዘቅዝ ተጣብቆ የመስታወቱን ገጽ ይነቅላል። ይህን ኃይሉ ከተቋረጠ በኋላ፣ መስታወቱ ገና ሞቅ እንዳለ፣ ወፍራም ጓንት አድርገው በመስታወት መፋቂያ ምላጭ ጋደም አድርገው ይግፉት።

3. እንደ ምድጃው ዓይነት ያጽዱ

የሸክላ ምድጃ (ሽቦው በቦይ ውስጥ የተጠመጠመበት)። እኔ ከሁሉ በላይ የምፈራው ይህንን ነው፤ በብዙ ቤት ያለውም እሱ ነው። ሸክላው ፈሳሽ ይመጥጣል፤ ከላይ የደረቀ መስሎ ከሥር እርጥብ ሊሆን ይችላል። ውሃ አይጨምሩበት። የደረቀውን ምግብ በእንጨት ስንጥርና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ከቦዩ ውስጥ ቀስ እያሉ ያውጡ። ሽቦውን አይጎትቱ፤ አንዴ ከጋለ በኋላ ይደርቃል፣ በትንሽ ኃይል ይሰበራል። የድስት ማጠቢያ ሽቦ በፍጹም አይጠቀሙ፤ ከእሱ የሚረግፈው ቅንጣት ቦዩ ውስጥ ቀርቶ ሁለት የሬዚስታንሱን (የሚግለውን ሽቦ) ጥምጥሞች ሊያገናኝ ይችላል። ሽቦው ላይ የተጋገረው ምግብ እዚያው እንዲያርር መተው ሌላው ስሕተት ነው። ያረረው ቦታ ሙቀቱን አፍኖ ስለሚይዝ ሽቦው እዚያች ነጥብ ላይ ከሌላው ይበልጥ ይግላል፣ በመጨረሻም እዚያው ይበጠሳል።

የተዘጋ ጥምጥም (ጥቁር ቧንቧ የሚመስለው)። እዚህ ሽቦው በብረት ቧንቧ ውስጥ ነው፤ በዙሪያው ማግኒዥየም ኦክሳይድ የሚባል ነጭ ዱቄት ተጠቅጥቋል። ዱቄቱ ሙቀት ያሳልፋል፣ ኮረንቲ አያሳልፍም፤ ነገር ግን እርጥበት ይስባል። ስለዚህ ቧንቧውን ውሃ ውስጥ አይዘፍዝፉ፣ በተለይ ሁለቱን ጫፎች። ጥምጥሙ የሚነቀል ዓይነት ከሆነ አውጥተው፣ በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና በረጠበ ስፖንጅ ገላውን ብቻ ይጥረጉ። ከሥሩ ያለውን ጠብታ መቀበያ ሳህን ግን እንደ ማንኛውም ዕቃ ማጠብ ይቻላል።

የብረት ሳህን። የተጋገረውን በእንጨት መፋቂያ ያንሱ፣ በቤኪንግ ሶዳና በጥቂት ውሃ የተሠራ ሊጥ ቀብተው ጥቂት ቆይተው በተጨመቀ ጨርቅ ይጥረጉ። አቼቶ ለዝገት ይረዳል ይባላል፤ እውነት ነው፣ ግን ብረቱ ላይ ብዙ ከቆየ ራሱ ያዝገዋል፤ ከተጠቀሙ ወዲያው ይጥረጉት። በሳህኑና በምድጃው ገላ መካከል ያለውን ክፍተት ይመልከቱ፤ ፈሳሽ ወደ ውስጥ የሚገባው በዚያ ነው።

መስታወት። በለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉ። የተሰነጠቀ ከሆነ ግን ስንጥቁ ፀጉር ቢያክልም አያብሩት፤ ቀጣዩ ሽሮ በስንጥቁ ገብቶ በቀጥታ ሽቦው ላይ ይደርሳል።

4. ገልብጠው ውስጡን ይመልከቱ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው፤ ምድጃውን የሚያድነው ግን ይሄ ነው። ገመዱ መነቀሉን እንደገና አረጋግጠው ምድጃውን በፎጣ ላይ ይገልብጡ። የሥሩን ክዳን በካቻቪቴ ይፍቱ። ምንም ሽቦ ከመንካትዎ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፤ የትኛው ገመድ የት እንደነበር በኋላ ሲጠፋብዎ ይደርስልዎታል።

የሚፈልጉት እነዚህን ነው፦ ገመዱ ከሬዚስታንሱ ጋር የሚገናኝባቸው ብሎኖች ዝገዋል ወይም አረንጓዴ ሆነዋል? የገመዱ ሽፋን ቀልጧል ወይስ ደርቆ ይፈረፈራል? ማዞሪያው ውስጥ የምግብ ቅሪት ገብቷል? የጠቆረ፣ እንደ ጥላሸት ያለ መስመር ከብሎኑ ወደ ብረቱ ገላ ተስሏል? ይህ የመጨረሻው በጣም ከባዱ ነው። ኮረንቲ በእርጥቡ ምግብ ላይ ሄዶ አቃጥሎ ለራሱ መንገድ ሠርቷል ማለት ነው፤ ከሰል ራሱ ኮረንቲ ስለሚያስተላልፍ ምድጃው ከደረቀ በኋላም መንገዱ ይቀራል። እንዲህ ያለውን በመጥረግ አይመኑት፤ የተቃጠለው መያዣ መለወጥ አለበት።

5. ያድርቁ፣ አይቸኩሉ

በበጋ ፀሐይ በቂ ናት። ክዳኑን ከፍተው፣ አቧራና ልጅ በማይደርስበት ቦታ ያስጡት። የብረት ምድጃ አንድ ሙሉ ቀን፣ ብዙ የጠጣ ሸክላ ደግሞ ሁለትና ሦስት ቀን ይፈልጋል። በክረምት አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ከዚህም ይረዝማል፤ የፀጉር ማድረቂያ ካለ በመካከለኛ ሙቀት ከርቀት መንፋት ይረዳል። እርጥቡን ሸክላ ፍም አጠገብ አስጠግቶ ማድረቅ አይመከርም፤ ውስጡ ያለው ውሃ በአንዴ እንፋሎት ሲሆን ይሰነጥቀዋል። «አብርቼ በራሱ ሙቀት ይድረቅ» የሚባለውም ያው ነው፤ በዚያ ላይ እርጥብ ምድጃ ላይ ኮረንቲ መልቀቅ ይጨመርበታል።

6. ከማብራትዎ በፊት ይለኩ

መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) በኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫዎች ይገኛል፤ ከሌለዎት ጎረቤት ያለውን ባለሙያ ይጠይቁ። ምድጃው ከሶኬት ተነቅሎ፣ ማዞሪያው በርቶ፣ መለኪያውን ኦም (ሽቦው ለኮረንቲ ያለው ተቃውሞ የሚለካበት) ላይ ያድርጉ።

መጀመሪያ የገመዱን ሁለት እግሮች ይለኩ። በ220 ቮልት 1000 ዋት የሆነ ሬዚስታንስ 48 ኦም አካባቢ፣ 1500 ዋት 32 አካባቢ፣ 2000 ዋት 24 አካባቢ ያሳያል። ምንም ካላሳየ የሆነ ቦታ ተበጥሷል። ከዚህ በጣም ካነሰ ሁለት ቦታ ተገናኝቷል፤ አያብሩ።

ቀጥሎ ከሁለቱ እግሮች በየተራ ወደ ምድጃው የብረት ገላ ይለኩ፤ ቀለም በሌለበት ቦታ ይሁን። እዚህ መለኪያው ምንም ማገናኛ የለም ማለት አለበት። ቁጥር ካወጣ ምድጃው ገና እርጥብ ነው ወይም ተቃጥሏል፤ ወደ ማድረቁ ይመለሱ። መለኪያው በትንሽ ባትሪ ስለሚሠራ ሁሉንም ጉድለት አያገኝም። ከፍ ባለ ቮልቴጅ የሚለካ መሣሪያ ያለው ባለሙያ ቢያየው፣ በተለይ ለተዘጋው ጥምጥም፣ ይሻላል።

የምድርን ሽቦም (ወደ ብረቱ ገላ ያመለጠውን ኮረንቲ ወደ መሬት የሚወስደውን) በዚሁ ይለኩ። ሦስተኛ ሽቦ ያለው ገመድ ከሆነ ከምድሩ ጫፍ እስከ ብረቱ ገላ ዜሮ የሚጠጋ ቁጥር መታየት አለበት። ምድጃዎ የብረት ገላ ኖሮት የምድር ሽቦ ከሌለው፣ ባይገነፍልበትም ባለሙያ ጠርተው እንዲያስገቡበት አጥብቄ እለምናለሁ።

7. መጀመሪያ ባዶውን ያብሩ

ድስት ሳይጥዱ፣ በዝቅተኛው ሙቀት፣ አጠገቡ ቆመው ግን ሳይነኩት። ትንሽ ጭስና የተቃጠለ ምግብ ሽታ ለጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል። የፕላስቲክ ሽታ፣ የመንጣጣት ድምፅ ወይም ሰማያዊ ብልጭታ ከመጣ ያጥፉና ይንቀሉ። ብሬከሩ ከወረደ አንዴም ቢሆን መልሰው አያንሱት፤ የወረደው ሥራውን ስለሠራ ነው። በኋላ ሲያበስሉበት ገላውን ነክተው ትንሽ ንዝረት ከተሰማ ደግሞ «ቀላል ናት» ብለው አይለፉት። ደረቅ እጅ ላይ ትንሽ የሆነችው፣ በእርጥብ እጅና በባዶ እግር ላይ ትልቅ ናት።

የተበጠሰ ሽቦ ቢገጥምዎ

ሁለቱን ጫፎች ስቦ ማጠማዘዝ የተለመደ ነው፤ ለጊዜው ይሠራል። ግን ሽቦው ሲያጥር ተቃውሞው ይቀንሳል፣ የሚስበው ኃይል ይጨምራል፦ ከርዝመቱ አሥር በመቶ ቢያጥር ኃይሉ በ11 በመቶ ገደማ ያድጋል። የተጠማዘዘው ቦታ ደግሞ ከሁሉ በላይ ይግላልና ተመልሶ እዚያው ይበጠሳል። አዲሱን ሬዚስታንስ ሲገዙ በምድጃው ላይ የተጻፈውን ዋት ያህል ይግዙ፤ «ቶሎ እንዲያበስል» ብለው ከፍ ያለውን ቢያስገቡ ማዞሪያውና ገመዱ አይችሉትም። በእንጀራ ምጣድም እንዲሁ ነው። ሊጥ በተሰነጠቀ ምጣድ ወደ ሽቦው ከገባ ጉዳዩ ከዚህ ይከፋል፤ ምጣዱ ብቻውን ከ3000 ዋት በላይ ሊስብ ስለሚችል የተበላሸ መገናኛ እዚያ በፍጥነት ይቀልጣል። የተሰነጠቀውን ሸክላ ሳይለውጡ ሽቦውን ብቻ መለወጥ ገንዘብ ማባከን ነው።

ምድጃው ጋዝ ከሆነ

ኮረንቲ ባይኖርም እሳቱ ራሱ ይናገራል። ከገነፈለ በኋላ ነበልባሉ ቢጫ ሆኖ ድስት ካጠቆረ ቀዳዳዎቹ ተደፍነዋል። የሲሊንደሩን ቫልቭ ይዝጉ፣ እስኪበርድ ይጠብቁ፣ የማቃጠያውን ክዳን አውጥተው በሞቀ ሳሙና ውሃ ይጠቡ። ቀዳዳዎቹን በቀጭን መርፌ ይክፈቱ፤ የጥርስ ስንጥር ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል። ፍጹም ሳይደርቅ አይመልሱት። ማቀጣጠያውን ሲለቁት እሳቱ ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ ከነበልባሉ አጠገብ ያለችው ትንሽ የብረት ዘንግ ምግብ ለብሳ ይሆናል፤ በደረቅ ጨርቅ ይጥረጓት። ጎማውንና መገናኛውን በሳሙና አረፋ ይቀቡ፤ አረፋው ከተነፋ ጋዝ ይወጣል። በክብሪት አይፈትሹ። ጋዝ ከሸተተ መስኮት ይክፈቱ፣ መብራት አያብሩም አያጥፉም፣ ሲሊንደሩን ዘግተው ከክፍሉ ይውጡ።