በጉን ማስወጋት ከሚፈራ ገበሬ ጋር እንዴት እንግባባ?

በደቡብ ወሎ፣ በቃሉና በደሴ ዙሪያ ወረዳዎች ገበሬው ከብቱን ለማስከተብ ሲያመነታ «ግንዛቤ ስለሌለው ነው» ብሎ ማለፍ ስህተት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈራው በዓይኑ ያየውን ነው። ከኮምቦልቻ ወጣ ባለ አንድ ቀበሌ አንድ አዛውንት በረታቸው በር ላይ ቆመው፣ «ባለፈው ወግታችሁልኝ ሄዳችሁ፤ በአራተኛው ቀን ሁለት በግ ቀበርሁ» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ዘመቻው የተጀመረው በሽታው መንደሩ ከገባ በኋላ ስለነበር፣ በጎቹ ሲወጉ ሕመሙ ውስጣቸው ነበር፤ የክትባቱ መከላከያ ደግሞ እስኪጎለብት ሁለት ሳምንት ያህል ይወስዳል። ይህን ግን አስቀድሞ የነገራቸው ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ክትባት ሰጪ ከሆኑ ወረርሽኝ ሳይነሳ ይድረሱ። ቀኑን ብቻዎን አይቁረጡ፤ ገበያና ጁምዓ እንዳይጋጭበት ከቅሬው (ከመንደሩ ዕድር) ሽማግሌዎች ጋር ይምከሩ። በጎቹን ውለው የሚጠብቁትና የታመመውን ቀድመው የሚለዩት ብዙ ጊዜ ሴቶችና ልጆች ናቸውና እናቶቹም በምክክሩ ይገኙ።

ሲያስረዱ የክትባቱን ጥቅም ብቻ ሳይሆን ጉዳቱንም ይንገሩ፦ የተወጋው ቦታ ሊያብጥ፣ እንስሳው ለአንድ ሁለት ቀን ሊያተኩሰው፣ የላም ወተት ለጊዜው ሊቀንስ ይችላል። የደስታ መሰል (በግና ፍየልን የሚፈጅ ተላላፊ በሽታ) ክትባት እንስሳቱን ቢያንስ ለ3 ዓመት ሲጠብቅ የአባ ሰንጋው በየዓመቱ መደገም እንዳለበት፣ የጉበት ትልን ግን አንዱም እንደማይከላከል በግልጽ ይናገሩ፤ አለዚያ በትል የሞተው በግ ሁሉ በመርፌው ይሳበባል። በዕድሜ የገፉትን ስለ ከብት ደስታ ይጠይቋቸው። በረት ሙሉ ከብት ይፈጅ የነበረው ያ በሽታ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው በክትባት ጭምር ነውና፣ ይህን ከባለሙያ ይልቅ ከእነርሱ አፍ መስማት ጎረቤትን ያሳምናል።

የእጅ ሥራውም ይመሰክርብናል። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቀዝቅዞ ይያዝ፤ መርፌ ይቀየር፤ ያረገዘች በግ ተጎትታ አትጣል፣ ብታስወርድ ጥፋቱ የክትባቱ ተደርጎ ይወራልና።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሰው በረት ለበረት ይዙሩ። የሞተ ካለ ሳያስተባብሉ ይመዝግቡ፤ ናሙና ወስደው ኮምቦልቻ ወደሚገኘው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ይላኩ፤ ውጤቱንም፣ ምንም ይሁን ምን፣ ባለቤቱ ቤት ድረስ ሄደው ይንገሯቸው።